እንቅርት ሁሉ አንድ አይደለም
የታይሮይድ ሕሙማንን አመጋገብና የምግብ ማሟያዎችን በተመለከተ ከማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ የወጣ የአቋም መግለጫ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በጂጋ፣ በወንበርማና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የምንኖር የታይሮይድ ሕሙማንና አስታማሚ ቤተሰቦች የመሠረትነው ማኅበር፣ በጠቅላላ ጉባኤው ተወያይቶ ይህን መግለጫ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል። ለውይይቱ መነሻ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሕመማችን ዓይነት በደም ምርመራ ሳይለይ፣ ይህን ብሉ፣ ያንን ተዉ፣ ይህን እንክብል ግዙ የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይሰጠናል። ምክሩ ሳይሠራ ሲቀር ግን ተጠያቂው መካሪው ሳይሆን የእኛ ማዕድ ይሆናል።

ማኅበሩ ሐኪም አይደለም፤ መድኃኒት አያዝም፣ መጠንም አይወስንም። በመተዳደሪያ ደንቡ የተሰጠው ኃላፊነት የአባላቱን መብት መጠበቅ፣ ትክክለኛ መረጃ እንዲደርሳቸው ማድረግና በስማቸው መናገር ነው። ከዚህ በታች ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት የተባለው ሁሉ ከዚህ ኃላፊነት የመነጨ ነው፤ የእያንዳንዱን ታካሚ ሕክምና የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ምዕራብ ጎጃም እንቅርትን ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም። በብዙ እናቶቻችን አንገት ላይ የምናየው ንቅሳት ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርትን ይከላከላል ተብሎም የተነቀሰ ነው። ነገሩ በጨው ውስጥ ካለው አዮዲን ጋር የተያያዘ ነው፤ አገሪቱ እስከ 1990 ዓ.ም. በአብዛኛው የምትጠቀመው በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል የሚመጣውን ጨው ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመርና ድንበሩ ሲዘጋ ገበያውን የሸፈነው የአፍዴራ ጨው ለዓመታት አዮዲን ሳይጨመርበት ቀረበ። በ2005 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል 39.9 በመቶው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ደግሞ 35.8 በመቶው እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው የቡሬና የወንበርማ ወረዳዎች ጥናትም ችግሩ በእኛው ደጅ ከባድ የሕዝብ ጤና ጉዳይ መሆኑን አሳይቷል።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 204/2003 ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት አስገደደ። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት አዮዲን ያለው ጨው የሚገኝባቸው ቤቶች በ2011 እ.ኤ.አ. ከነበሩበት 15 በመቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ 89 በመቶ ደረሱ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ማኅበሩም ያከብረዋል። ይሁንና አዮዲን አለው ማለትና በቂ አዮዲን አለው ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በክፍት ጆንያ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት የሰነበተ ጨው በገበያ ቀን ተሰፍሮ ቤት ሲደርስ ምን ያህል አዮዲን እንደቀረው ገዢዋ በዓይኗ አይታ ልታውቅ አትችልም።

ይህ ታሪክ አንድ ልማድ ተክሎብናል። እንቅርት በተባለ ቁጥር መልሱ አዮዲን ነው ተብሎ ይታሰባል። አዮዲን በማነሱ ለሚያብጥ የታይሮይድ ዕጢ መልሱ ትክክል ነው። ነገር ግን ከአባላቶቻችን መካከል ዕጢያቸው በራሳቸው የሰውነት መከላከያ የሚጠቃባቸው አሉ። ጃፓናዊው ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጸው በሽታ እንዲህ ካሉት ሕመሞች አንዱ ነው። መከላከያው ፀረ እንግዳ አካላትን እያመነጨ ዕጢውን ቀስ በቀስ ያደክመዋል፤ ሆርሞኑ ያንሳል፤ ሰውነት ይዝላል፣ ብርድ ይጠናል፣ የወር አበባና እርግዝና ይታወካል። በሌላው፣ ግሬቭስ በሚባለው በሽታ፣ ያው መከላከያ ዕጢውን ከልክ በላይ ያሠራዋል፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው እየበላ ይከሳል። ሁለቱም አንገት ላይ እብጠት ሊያወጡ ይችላሉ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁሉም እንቅርት ነው።

ለእነዚህ አባላት አዮዲን በብዛት መስጠት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ መጨመር ነው። ከመጠን ያለፈ አዮዲን የሃሺሞቶን ሕመምተኛ ዕጢ ይበልጥ ሊያዳክም፣ የቆየ እብጠት ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ሆርሞኑን በድንገት ሊያበዛ ይችላል። ዚምባብዌ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ስትጀምር ይህ በተግባር ታይቷል። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮ ግራም፣ ነፍሰ ጡር 250 ማይክሮ ግራም ነው። በኪሎ 30 ሚሊ ግራም አዮዲን የያዘ ጨው 5 ግራም ብቻ የአዋቂውን ድርሻ ይሞላል። ከባሕር አረም ተሠርተው ለታይሮይድ ተብለው የሚሸጡ እንክብሎች ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊይዙ ይችላሉ፤ ገዢውም ይህን አይነገረውም።

ስለ ሌሎቹም ምክሮች ጉባኤው አንድ በአንድ ተነጋግሯል። ጎመን ተዉ ይባላል። በጎመን ውስጥ ያለው ዕጢን የሚያውክ ነገር ሲቀቀል በእጅጉ ይቀንሳል፤ እኛ ደግሞ ጎመን ጥሬውን አንበላም። ግሉተን ተዉ ይባላል። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ግሉተን የለበትም፤ ሴሊያክ የተባለው የአንጀት ሕመም ለሌለበት የታይሮይድ ታካሚም የስንዴ ዳቦን መተው ዕጢውን እንደሚያድን የተረጋገጠ ነገር የለም። የጸጉርና የጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን ከሁሉ በላይ አሳስቦናል፤ ምክንያቱም የሚያሳስተው ሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን የምርመራ መሣሪያውንም ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 እ.ኤ.አ. እንዳስጠነቀቀው፣ ባዮቲን በደም ውስጥ ካለ የላቦራቶሪ ውጤት ሊዛባ ይችላል። በታይሮይድ ምርመራም ሆርሞኑ ያልበዛበትን ሰው እንደበዛበት አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። በዚህ ውጤት ተመርቶ መድኃኒት የሚቀነስበት ሰው የሌላውን ስህተት ዕዳ ይከፍላል።

ሴሊኒየም ከእነዚህ ይለያል። ዕጢው ሥራውን ለመሥራት በእርግጥ ይፈልገዋል፤ በአማራ ክልል ገጠር ሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶችም እጥረቱ እንዳለ አሳይተዋል። በእህል ውስጥ የሚገኘው መጠን በአፈሩ ይወሰናል፤ እንደ እኛ አካባቢ አሲድ በበዛበት አፈር ላይ ተክሉ የሚያገኘው ያንሳል። ስለዚህ ጉዳዩ ከመድኃኒት ቤት ይልቅ የማሳ ጉዳይ ነው። ፊንላንድ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ሴሊኒየምን በማዳበሪያ ውስጥ ጨምራ የሕዝቧን ድርሻ አሳድጋለች። በእንክብል የሚወሰደው ሴሊኒየም በአንዳንድ ጥናቶች ፀረ እንግዳ አካላቱን ቢቀንስም ታካሚውን ከሆርሞን መድኃኒት እንደሚያላቅቅ አልተረጋገጠም፤ ከመጠን ሲያልፍም ጸጉር ያረግፋል፣ ጥፍር ይሰባብራል።

ምግብ በእርግጥ ወሳኝ የሚሆንበት ቦታ ብዙም አይነገርም። ሆርሞን ለጎደለው ታካሚ የሚታዘዘው ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ቢያንስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይወሰዳል። ቡና ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሳል። ማለዳ ጀበና በሚጣድበት አገር ይህን ሳይነግሩ መድኃኒቱን ብቻ ማስረከብ ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው። በነፍሰ ጡር ክትትል የሚታደለው የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብልም፣ ካልሲየምም፣ ከዚህ መድኃኒት 4 ሰዓት መራቅ አለበት። በእርግዝና ወቅት የሆርሞኑ ፍላጎት ስለሚጨምር ሁለቱን አንድ ላይ የምትውጥ እናት ብቻ ሳትሆን ፅንሷም ሊጎዳ ይችላል። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማይቀምሱ አባላት ደግሞ መድኃኒቱን ሲተዉ ኖረዋል። ከመጨረሻው ምግብ ቢያንስ 3 ሰዓት ቆይቶ በመኝታ ሰዓት መውሰድ እንደሚቻል ሐኪማቸው ቢነግራቸው ኖሮ ጾማቸውንም ሕክምናቸውንም በጠበቁ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ በዘጋ ቁጥር የዕለት መድኃኒታችንን ያቋርጥብናል። ከፍኖተ ሰላም በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር ለመድረስ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለአንድ የደም ምርመራ ይህን መንገድ መሄድ በሰላሙም ጊዜ ለገበሬ ቤተሰብ ከባድ ነበር።

በእነዚህ ምክንያቶች ማኅበሩ የሚከተሉትን አቋሞች ወስዷል።

1. ምርመራ ከምክር ይቅደም። ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለው የደም ምርመራ ሳይደረግ ማንኛውም ሰው እንቅርት ላለበት ሰው አዮዲን፣ የባሕር አረም ወይም ለታይሮይድ የሚባል እንክብል ማዘዝም ሆነ መሸጥ የለበትም። ምርመራው በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የመንግሥት ሆስፒታሎች ሳይቆራረጥ እንዲሰጥ እንጠይቃለን። ይህ እስኪሟላ ድረስ ናሙናው ይጓዝ እንጂ ሕመምተኛው አይጓዝ፤ የቲቢና የኤች.አይ.ቪ. ናሙናዎች በፖስታ አገልግሎት ሲጓጓዙ ስለቆዩ መንገዱ አዲስ አይደለም።

2. ምግብ ሕክምናን ያግዛል እንጂ አይተካም። ሺፈራው፣ ጥቁር አዝሙድና ማር የምናከብራቸው የቤታችን ምግቦች ናቸው፤ በእነርሱ ስም የታዘዘ መድኃኒት እንዲቋረጥ የሚሰጥን ምክር ግን ማኅበሩ በግልጽ ይቃወማል። መድኃኒቱን ያቋረጠ አባል ሳይሳቀቅ ወደ ሐኪሙ እንዲመለስ እናሳስባለን።

3. አዮዲን ያለው ጨው ከየቤታችን አይወጣም። ሃሺሞቶ ወይም ግሬቭስ ያለበት አባል በአንድ መሶብ ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች ጋር ይበላል፤ እነርሱ አዮዲኑ ያስፈልጋቸዋል። የምንቃወመው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰደውን ተጨማሪ አዮዲን ነው።

4. የጨው ጥራት የአምራቹ፣ የአከፋፋዩና የተቆጣጣሪው ግዴታ ነው። እናቶች ጨው እንዳያጥቡ፣ ፀሐይ ላይ እንዳያሰጡ፣ ከድነው እንዲያስቀምጡና ወጡ ሊወርድ ሲል እንዲጨምሩ መምከር ተገቢ ነው፤ እኛም እንመክራለን። ነገር ግን ቀድሞውኑ አዮዲኑ ያነሰ ወይም የተነነ ጨው ለሸጠው ሰው ጥፋት ተጠያቂዋ እናት ልትሆን አትችልም። ደንብ ቁጥር 204/2003 በገበያ ቀን፣ በጆንያው አፍ ላይ ሊፈተሽ ይገባል፤ የፍተሻው ውጤትም ለሕዝብ ይገለጽ።

5. የምግብ ማሟያዎች በአማርኛ ይጻፍባቸው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በማሟያዎች ላይ የሚያደርገው ቁጥጥር እስከ ወረዳ ከተሞች ገበያ እንዲደርስ፣ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይም የአዮዲን፣ የሴሊኒየምና የባዮቲን መጠን በግልጽ እንዲሰፍር እንጠይቃለን። ታይሮይድን ይፈውሳል የሚል ጽሑፍ ያለበት ማሟያ ከመደርደሪያ መነሳት አለበት።

6. የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ቡናው፣ ስለ ብረቱ እንክብልና ስለ ጾሙ ግልጽ መመሪያ በእጃቸው ይኑር። የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ደም ከመቅዳታቸው በፊት ስለ ባዮቲን ይጠይቁ። የንስሐ አባቶችም ሕሙማን መድኃኒታቸውን በጾም ምክንያት እንዳይተዉ በምክራቸው እንዲያግዙን በትሕትና እንለምናለን።

7. ሌቮታይሮክሲንና ሆርሞን ለበዛባቸው የሚታዘዙት መድኃኒቶች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ተጠቃሚው በሚታከምበት ተቋም ይገኙ። መዋጮውን በወቅቱ የከፈለ ገበሬ መድኃኒቱ የለም ተብሎ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ሲላክ ሁለት ጊዜ ከፍሏል። ሁኔታው የተረጋጋ ታካሚ የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይሰጠው፤ መንገድ መቼ እንደሚዘጋ ማንም አያውቅምና። ታጣቂ ወገኖች ሁሉ መድኃኒትና ሕመምተኛ የሚያልፉበትን መንገድ እንዲያከብሩም እንጠይቃለን።

8. የዞኑና የክልሉ ግብርና ተቋማት አሲዳማ አፈርን በኖራ የማከሙን ሥራ ሲያሰፉ በእህል ውስጥ ያለውን ሴሊኒየም አብረው ይለኩ። ንጥረ ነገሩን በማዳበሪያ መጨመር ለእኛ ማሳ ይበጅ እንደሆነም በጥናት ይታይ። ማኅበሩ አባላቱ ማሳቸውን ለጥናቱ እንዲፈቅዱ ያስተባብራል።

9. ማንም ሰው በአንገቱ እብጠት ምክንያት አይሰደብ፤ ትዳርም ሥራም አይከልከል።

ማኅበሩ በራሱ በኩል በየቀበሌው ያሉ አባላቱን መዝግቦ የመድኃኒት መቋረጥ ሲያጋጥም ለሚመለከተው ተቋም በጽሑፍ ያሳውቃል፤ የማንኛውንም ማሟያ ሻጭ ገንዘብም ሆነ ስፖንሰርነት አይቀበልም።

ይህ መግለጫ ለምዕራብ ጎጃም ዞን ጤና መምሪያ፣ ለዞኑ ግብርና መምሪያ፣ ለየወረዳዎቹ ጤና ጽሕፈት ቤቶች፣ ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አስተባባሪዎችና ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንዲደርስ ጉባኤው ወስኗል። ማኅበሩ ምላሹን በጽሑፍ ይጠብቃል፤ የሚሰጡት ምላሾችም ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ቀርበው ይነበባሉ።

የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ
ፍኖተ ሰላም