ስለ ብርቅ አራዊት ማደሪያና ስለ ባላገሩ መስማማት

አገራችን ኢትዮጵያ በሌላ ምድር ፈጽሞ የማይገኙ አራዊት አሏት። ዋሊያ በስሜን ገደል፤ ቀይ ቀበሮም በባሌ፤ በመንዝ፤ በስሜንና በጥቂት ሌሎች ደጋዎች ብቻ ይኖራሉ። የቀይ ቀበሮው ነገር ይልቁን ያሳስባል፤ ለአካለ መጠን የደረሰው ቢቈጠር 500 እንደማይሞላ ዐዋቂዎች ይናገራሉና። እነዚህን መጠበቅ እንደሚገባ የሚክድ የለም። ክርክሩ ማን ይጠብቃቸው፤ የጥበቃውስ ዋጋ በማን ትከሻ ይውደቅ በሚለው ላይ ነው።

ባላገሩ «አባቶቼ ከብት ያሰማሩበትን ሣር ከተከለከልሁ ልጆቼን በምን አሳድጋለሁ?» ይላል። ጠባቂውም «ከብት ሣሩን ከጨረሰው፤ ማረሻም ዳገቱን ከገለበጠው አውሬው ወዴት ይሂድ?» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ስለዚህ አንዱን ረቺ ሌላውን ተረቺ የሚያደርግ ፍርድ ክርክሩን ያዘገየዋል እንጂ አይጨርሰውም።

የስሜንን ነገር እንመልከት። በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከለለ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። በ1989 ዓ.ም. ግን ዋሊያው ስለ ቀነሰ፤ እርሻና ግጦሽም ስለ በዛ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ጋራ ተቈጠረ፤ ከዚያም የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከዚህ አንድ ዓመት አስቀድሞ የግጭ መንደር ሰዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረው ነበር። ምድሩ ማረፉ ለዋሊያው እንደሚጠቅም አይካድም፤ ነገር ግን ከእርሻው ተነሥቶ ከተማ ለገባ ገበሬ ካሣ ብቻ የዕለት እንጀራ አይሆነውም፤ ሙያና ሥራ ያስፈልገዋል።

በመንዝ ያለው የጓሳ ምድር ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ያገሩ ሰዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሣሩን ሲጠብቁ ኖረዋል። ራሳቸው በመረጡት አለቃ ትእዛዝ ምድሩ ለጥቂት ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስም ተከፍቶ ሁሉ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳል፤ ደንቡን የጣሰ ብርቱ ቅጣት ያገኘዋል። ይህ የተደነገገው ስለ አውሬው ታስቦ አልነበረም፤ ነገር ግን ሣሩ ሲጠበቅ አይጡ በረከተ፤ አይጡ ሲበረክት ቀይ ቀበሮው ምግቡን አገኘ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ከወጣ በኋላ ቀድሞ የነበረው ሥርዓት ፈረሰ፤ ሣሩም ተጐዳ። ሰዎቹ ግን እንደ ገና መክረው ደንባቸውን በአዲስ መልክ አቋቋሙ፤ መንግሥትም አወቀላቸው።

እንግዲህ ወሰን የሚከልሉ ሹማምንት ሽማግሌዎችን ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ሳይጀመር ይጥሩ። ከጐብኚ ከሚገኘውም ገንዘብ ለመንደሩ ድርሻ ይቈረጥ። ባላገሩም በተስማማበት ቦታ ማረሻውን ይመልስ፤ ከብቱንም ይቈጥር።

መስማማቱ ከቀላሉ ቢጀመር መልካም ነው። ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ቀይ ቀበሮን ደጋግሞ ፈጅቷል፤ ሰውንና ከብትንም ይገድላል። እንግዲያስ ውሻን ማስከተብ ለአውሬውም ለባላገሩም ረብ ያለው ነውና በዚህ የሚጣላ አይኖርም። በዚህ የተጀመረ መተማመን በኋላ ስለ ግጦሽና ስለ ወሰን ለመነጋገር መንገድ ይጠርጋል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደ ተባለ፤ ጠባቂ ብቻውን የማይጠብቀውን ጠባቂና ባላገር ተባብረው ይጠብቁታል።