ሎሚውን ያደረቀው ጥም አልነበረም



ባለፈው ክረምት ማብቂያ በግቢያችን የነበረ የአራት ዓመት ሎሚ ደረቀብን። የተከለችው ታላቋ ልጃችን ናት፤ ከተጨመቀ ሎሚ የወጣ ዘር አፈር ውስጥ ቀብራ፣ ሲበቅልም ስም አውጥታለት ነበር። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር የተጠማ መሰለንና ቤተሰቡ በሙሉ የውዱእ ውሃውን ከሥሩ ያፈስለት ጀመር። በቀን አምስት ጊዜ፣ ያውም በክረምት! ቅጠሉ ሲረግፍ ደግሞ ውሃውን ጨመርንለት። በመጨረሻ ነቅለን ስናየው ሥሩ ጠቁሮ፣ ልጡ በጣት ሲነካ ይላቀቅ ነበር። የገደልነው እኛው ነን፤ ለልጅቷም እንዲሁ ብለን ነገርናት።

ነገሩ የእኛ ቤት ብቻ አለመሆኑን ያወቅነው ተማሪዎቻችን እየመጡ ተመሳሳዩን ሲያጫውቱን ነው። ሎሚና ዘመዶቹ ሙቀት ወዳድ ናቸው፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋ ናት። እነዚህ ዛፎች ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ዕድገታቸውን ያቆማሉ፤ የእኛ ሌሊት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ነው። ዕድገቱን ያቆመ ዛፍ የሚጠጣው ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ግቢው ጥቁር መረሬ አፈር ከሆነ ውሃ ያቁራል፤ ሥር አየር አጥቶ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ዛፉ ጎርፍ ውስጥ ቆሞ የተጠማ ይመስላል። እኛን ያሳሳተን ይኸው ነው።

እንግዲህ ውሃ ከማፍሰስ በፊት ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ መክተት ነው። እርጥበት ካለ ውሃው ይቆይ። መረሬ መሬት ላይ የሚተክል ሰው ሁለት ስንዝር ያህል አፈር ከምሮ ጉብታው ላይ ይትከል። ቦታ የሌለው ደግሞ የ20 ሊትር ጀሪካን አፉን ቆርጦ፣ ታቹን በሚገባ በስቶ፣ አፈር፣ አሸዋና የቆየ ፍግ ቀላቅሎ ይሙላበት፤ ከሁለት ድንጋይ ላይም ያስቀምጠው። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ግንዱ ሥር የተከመረ ፍግም ልጡን ያበሰብሰዋል፤ ከግንዱ ሙጫ ሲወጣ ካያችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ወደ ደቡብ የዞረ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ለዛፉ ይመልስለታል።

ከዓይነቶቹ ውርጭን እጅግ የሚፈሩት የሀገራችን ትንሹ ሎሚና ትርንጎ ናቸው። ስለ ትርንጎ ካነሣን አይቀር፣ በመድረሳ ሳለን ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን፣ ቁርኣን የሚቀራ ሙእሚን ጣዕሙም ሽታውም መልካም በሆነው ኡትሩጃ የተመሰለበትን ሐዲስ እንቀራ ነበር። ኡትሩጃ ማለት ያ ሴት አያታችን ግቢ የምናውቀው ትርንጎ መሆኑን የተረዳነው ግን ካደግን በኋላ ነው፤ ሱብሐነላህ!

ለደጋ የሚሻለው መንደሪን ነው። ቢቻል የተዳቀለ ችግኝ ይሁን፤ ከዘር የበቀለ ለፍሬ ብዙ ዓመት ያስጠብቃል። ከተዳቀለበት ቦታ በታች የሚያቆጠቁጥ እሾሃም ቡቃያ ካለ ሳይውል ሳያድር ይቆረጥ። እሱ የመሠረቱ ዛፍ እንጂ መንደሪኑ አይደለም፤ ከተተወ የላይኛውን አዳክሞ ራሱ ይነግሣል።

ልጃችን አሁን በጀሪካን መንደሪን ተክላለች። በታኅሣሥ ሌሊት ጆንያ ታለብሰዋለች፤ ጠዋት ትገፈዋለች። እሷ ጣቷን አስገብታ ሳትፈቅድ ውሃ የሚያፈስ የለም። የውዱእ ውሃችን ወደ ጎመኑ መደብ ይሄዳል።