ቅሬታችን ለምን «ጆሮ ዳባ ልበስ» ይባላል?

«ውድ ተጫዋች፣ መልእክትዎ ደርሶናል። ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን።» ኦንላይን ጌም የሚጫወት ሰው ይህቺን መልእክት በቃሉ ያውቃታል። ግጥሚያ መሃል ጌሙ ይዘጋል፣ በብር የተገዛ ነገር አካውንት ውስጥ ሳይገባ ይቀራል፣ ወይም ምንም ሳያጠፉ «አጭበርብረሃል» ተብሎ ባን ይመጣል። ቅሬታ ይላካል። በሰከንዶች ውስጥ ምስጋናው ከች ይላል። ከዚያ በኋላ ወፍ የለም። እኔ ራሴ ከአንድ ጌም ድጋፍ ሰጪ ክፍል ጋር ለሳምንት ያህል ተጻጽፌ ቃል በቃል አንድ ዓይነት የሆነ መልስ ደጋግሞ ደርሶኛል። ስሙን ልተወው፤ እናንተም የየራሳችሁ አላችሁ።

«ጌም እኮ ነው፣ ምን ያካብዳል?» የሚል አይጠፋም። ግን አስቡት። ለዳታ ፓኬጅ የሚወጣ ብር አለ፣ ለስኪን የሚከፈል አለ፣ ከጓደኛ ጋር ቡድን ሰርተን ያመሸንበት ስንት ሰዓት አለ። ሌላ ነጋዴ ብራችንን ተቀብሎ ዕቃውን ሳያስረክብ «ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን» ቢለን ሱቁ በር ላይ ቆመን እንጮሃለን። የጌም ሱቅ ግን በር የለውም። ለዚህ ነው ጌም ሰሪዎች ቅሬታ የሚሰሙት መቼ ነው ብሎ መጠየቅ የሚገባው። እኔ የደረስኩበትን ከወዲሁ ልናገር፦ የሚሰሙት ዝም ማለት ሲያስከፍላቸው ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ እንይ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ጋ ቅሬታ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያየው ብዙ ጊዜ ሰው አይደለም። «ክፍያ»፣ «ባን»፣ «የጠፋ አካውንት» እያለ የሚመድብ ሲስተም ነው። ቀጥሎ ድጋፍ ሰጪ ሠራተኞች ይመጣሉ፤ እነሱም በአብዛኛው ተዘጋጅቶ የተሰጣቸውን መልስ ይልካሉ። ጌሙን የሚሠራው ፕሮግራመር ጋ የሚደርሰው ከብዙ ተመሳሳይ ቅሬታዎች ተጨምቆ የወጣ አጭር ማጠቃለያ ነው።

ከቅሬታው ጎን ለጎን ደግሞ ኩባንያው ቁጥር ያያል። ስንት ሰው ገባ፣ የትኛው ደረጃ ላይ ሰልችቶት ወጣ፣ ስንቱ ከፈለ፣ ጌሙ በየትኛው ስልክ ላይ ተዘጋ። አብዛኛው ተጫዋች ቅሬታ ጽፎ አያውቅም፤ ሲያንገሸግሸው ጌሙን አጥፍቶ ይሄዳል። ኩባንያዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ከጩኸት ይልቅ ቁጥር ያምናሉ። ይሄ ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው አልልም። ጉዱ የሚፈላው ገቢው አምሮ ሰው ሲበደል ነው።

ፎርትናይትን ውሰዱ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ይፋ ባደረገው ክስ፣ የጌሙ ባለቤት ኤፒክ ጌምስ የግዢ ቁልፎቹን ግራ በሚያጋባ መንገድ አስቀምጦ ተጫዋቾች ሳያስቡት እንዲገዙ አድርጓል ብሏል። ጌሙ ገና ሲከፈት በአንድ ቁልፍ ንክኪ ብር የተቆረጠባቸው ነበሩ። ወላጆች ሳያውቁ ልጆች የገዙትም ብዙ ነው። ኮሚሽኑ እንደሚለው ኩባንያው ከ1 ሚሊዮን በላይ ቅሬታ ደርሶት ችላ ብሏል፤ የራሱ ሠራተኞች ያነሱትንም ስጋት እንደዚያው። ይባስ ብሎ ያልፈቀዱትን ክፍያ በባንክ ካርዳቸው በኩል የተከራከሩ ደንበኞችን አካውንት ዘግቶባቸዋል። በመጨረሻ ኤፒክ ለተጫዋቾች ተመላሽ የሚሆን 245 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። በዚያው ቀን ይፋ በሆነው ሌላ ክስ ደግሞ የሕፃናትን የግል መረጃ ባለመጠበቅ 275 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ።

አንድ ሚሊዮን ቅሬታ ያልከፈተውን ጆሮ አንድ ክስ ከፈተው። እነዚያ ሚሊዮን ሰዎች የጻፉት ግን ከንቱ አልቀረም። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማስረጃ የሆነው የእነሱ ቅሬታ ነው።

ሌላው ታሪክ የመልስ አሰጣጥ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ኢኤ «ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2»ን ሊያወጣ ሲል፣ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የገዛ ሰው እንደ ዳርዝ ቬደር ያሉትን ዋና ገጸ ባሕርያት ለመክፈት ለብዙ ሰዓታት መጫወት እንዳለበት ታወቀ። አንድ ተጫዋች ይህን በሬዲት ላይ ሲያማርር፣ የኩባንያው ሰዎች ዓላማው ተጫዋቹ በልፋቱ እንዲኮራ ማድረግ ነው የሚል መልስ ሰጡ። ያ መልስ ከ660 ሺህ በላይ ተቃውሞ ተቆጠረበትና በሬዲት ታሪክ በጣም የተጠላ አስተያየት ሆኖ የጊነስ መዝገብ ውስጥ ገባ። ጌሙ በይፋ ሊወጣ ሰዓታት ሲቀሩት ኢኤ በእውነተኛ ገንዘብ የሚደረገውን የውስጥ ሽያጭ አቆመ። በቀጣዩ ዓመት ሽያጩ ሲመለስ ለመልክ ብቻ የሚሆኑ ነገሮች ላይ ተወስኖ ነበር።

እዚህ ላይ ሰውን ያናደደው ዋጋው ብቻ አልነበረም። የተበደለውን ሰው ምሬት በማስታወቂያ ቋንቋ ለማለስለስ መሞከራቸው ነው። ሰው «ከፍዬ ለምን ተቆለፈብኝ?» ሲል «ለአንተው ኩራት ብለን ነው» ማለት፣ በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው።

የኛን አገር በቀጥታ የነካ ታሪክም አለ። በግንቦት 2024 ሶኒ «ሄልዳይቨርስ 2»ን በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሁሉ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ማገናኘት ግዴታቸው ነው አለ። ይህ አገልግሎት ግን ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ170 በላይ በሚሆኑ አገሮችና ግዛቶች በይፋ አይሰጥም። ከፍለው የገዙትን ጌም ሊነጠቁ ነው ማለት ነው። ተጫዋቾቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስቲም ላይ ከ200 ሺህ በላይ አሉታዊ ግምገማ አወረዱ። ልብ በሉ፣ ብዙዎቹ አገልግሎቱ የሚሰጥባቸው አገሮች ነዋሪዎች ናቸው። እነሱን በቀጥታ የማይነካ ነገር ላይ ለሌላው ጮሁ። ሶኒ በቀናት ውስጥ ግዴታውን ሰረዘ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት ይሄ ነው። ሽያጩ በእነዚያ አገሮች ላይ መታገዱ ግን ያን ጊዜ ወዲያው አልተነሳም። ውሳኔ ተሽሯል ማለት በደሉ ሁሉ ተክሷል ማለት አይደለም።

ታዲያ ተጫዋች ያለው ሁሉ ይፈጸም? በፍጹም። ተጫዋች የት ጋ እንዳመመው በደንብ ያውቃል፤ መድኃኒቱን ግን ብዙ ጊዜ ይስተዋል። የተሸነፈ ሰው «ያኛው መሣሪያ በዝቷል፣ ቀንሱት» ይላል፤ አሸናፊው «እንዳትነኩብኝ» ይላል። ሁለቱም ለራሳቸው እውነት አላቸው። ሁሉንም ለማስደሰት የሚሮጥ ሰሪ ጌሙን ያበላሻል።

መሃል መንገድ እንዳለ «ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ» ያሳያል። የእንግሊዙ ጃጌክስ ይህን ጌም እ.ኤ.አ. በ2013 ሲከፍት፣ አዲስ ይዘት የሚገባው ከተጫዋቾች ድምፅ 75 በመቶ ሲያገኝ ብቻ እንዲሆን አደረገ፤ በ2022 ወደ 70 በመቶ ዝቅ ብሏል። ጌሙን ከብልሽትና ከማጭበርበር የሚጠብቁ ለውጦችን ግን ሰሪዎቹ ያለ ድምፅ መወሰን ይችላሉ። ምን ለድምፅ እንደሚቀርብ፣ ምን እንደማይቀርብ አስቀድሞ ይታወቃል። ድምፁን ያጣ ሰው ቢከፋውም፣ ለምን እንደተሸነፈ ያውቃል።

«ፋይናል ፋንታሲ 14» ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። በመስከረም 2010 ሲወጣ ተጫዋች ጠላው። ስኩዌር ኤኒክስ ይቅርታ ጠየቀ፣ ናኦኪ ዮሺዳን ኃላፊ አድርጎ ሾመ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ወርኃዊ ክፍያ ሳይጠይቅ አጫወተ። በመጨረሻ አሮጌውን ዘግቶ እንደ አዲስ የተሠራውን በነሐሴ 2013 አወጣ። ዮሺዳ በእነዚያ ዓመታት ምን እየተሠራ እንደሆነ፣ ምን እንደማይቻልና ለምን እንደማይቻል በደብዳቤና በቀጥታ ስርጭት ይነግራቸው ነበር። «አይሆንም» የሚል መልስ ከነምክንያቱ ሲሰጥ እንኳ ክብር አለው። የሚያቃጥለው ዝምታው ነው።

ከእኛ ወገን ያለውንም ጥፋት ልናገር። «ኖ ማንስ ስካይ» በ2016 ለጥቂት ሳምንታት ሲዘገይ፣ የሄሎ ጌምስ መሥራች ሾን መሪ የግድያ ዛቻ ደረሰው። ለጌም! ጌሙ ሲወጣ የተነገረለትን ያህል ስላልነበረ ቁጣው ተገቢ ነበር፤ ዛቻው ግን ለማንም አልጠቀመም። ስቱዲዮው ለወራት አፉን ዘግቶ ሠራ፤ በየጊዜው በነፃ እያሻሻለ ቆይቶ በ2024 ስቲም ላይ ያለው አጠቃላይ ግምገማ «በጣም አዎንታዊ» ደረጃ ላይ ደረሰ። ሥራው መልስ ሆነ። ስድብ የሚበዛበት ቦታ ላይ ግን ሰሪው የሚማረው መደበቅን ነው፤ ከዚያ እውነተኛው ቅሬታም አብሮ ይቀበራል።

አሁን ወደኛ ስልክ እንምጣ። የኛ ተጫዋች በዓለም ገበያ ብዙ የሚከፍል ተብሎ አይቆጠርም። ፐብጂ ስንጫወት ዳታችን ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ ወይም መካከለኛው ምሥራቅ ያለ ሰርቨር ደርሶ ይመለሳል፤ ፒንጉ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ «ጌሙ ላግ ያደርጋል፣ ሌቦች!» ብሎ አንድ ኮከብ መስጠት ማንንም አያንቀሳቅስም። ጥፋቱ የስልኩ ይሁን፣ የኔቱ ይሁን፣ የሰርቨሩ ይሁን አይለይም።

የሚሠራ ቅሬታ እንዲህ ነው፦ የስልኩ ሞዴል፣ የጌሙ ቨርዥን፣ ቀንና ሰዓት፣ የመረጣችሁት ሰርቨር፣ የፒንጉ ቁጥር፣ ዋይፋይ ይሁን ዳታ፣ ቪፒኤን ተከፍቶ ከነበረም እሱ። ስክሪንሾት ወይም አጭር ቪዲዮ ይጨመርበት። አንድ ችግር በአንድ መልእክት። እንዲህ ያለው ቅሬታ ፕሮግራመሩ ጋ የመድረስ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ምክንያቱም ችግሩን እሱም ራሱ ስልክ ላይ ደግሞ ማየት ይችላል።

ጎግል ፕሌይ ላይ የምንሰጠው ኮከብም ቀላል አይደለም። ከኅዳር 2021 ጀምሮ ተጠቃሚ የሚያየው የኮከብ አማካይ በአገሩ ካሉ ሰዎች የተሰበሰበው ነው። የቅርብ ጊዜ ግምገማም ከቆየው የበለጠ ይመዝናል። ማለትም ኢትዮጵያ ውስጥ ጥቂት መቶ ሰዎች የሚጽፉት ሐቀኛ ግምገማ ኢትዮጵያ ውስጥ ይታያል። ችግሩ ሲስተካከል ተመልሳችሁ ኮከቡን ቀይሩት፤ ቁጣውን ብቻ ትቶ የሚሄድ ሰውን ነገ ማንም አያምነውም።

ብርን በተመለከተ አንድ ምክር። ብዙዎቻችን ዩሲና ዳይመንድ የምንገዛው ቴሌግራም ላይ ከሚሸጡ ልጆች በቴሌብር ነው። ሻጩ ቢሰወር ወይም ዕቃው በተሰረቀ ካርድ የተገዛ ሆኖ አካውንታችሁ ባን ቢደረግ፣ ኩባንያው ጋ በስማችሁ ደረሰኝ የለም። በቀጥታ ጎግል ፕሌይ ላይ የገዛችሁት ከሆነ ግን ተመላሽ ለመጠየቅ 48 ሰዓት ሳያልፍ መንቀሳቀስ ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ጌም ሰሪው ራሱ ትመራላችሁ።

እንደ «ኩኩሉ» ያሉ የራሳችንን ጌሞች ለሚሠሩ ወጣቶችም አንድ ቃል አለኝ። ትልልቆቹ በገንዘብ ሊበልጧችሁ ይችላሉ፤ በመስማት ግን ልትበልጧቸው ትችላላችሁ። የታወቁ ችግሮችን ዝርዝር በአማርኛ አውጡ። አፕዴት ስትለቁ የትኛው ቅሬታ እንደተፈታ፣ የትኛው እንዳልተፈታ ጻፉ። የማትሠሩትን «አንሠራውም፣ ምክንያቱም» በሉ። ያጠፋችሁትን ክፈሉ። ይህን ለማድረግ ሰፊ ቢሮ አያስፈልግም።

ለተጫዋቹ ደግሞ የምለው ይህን ነው። ቀጥሎ «ቅሬታዎ ደርሶናል» ሲሏችሁ ቀኑን መዝግቡ፣ ስክሪንሾት አንሱ፣ ተመሳሳይ ችግር የገጠማቸውን ጓደኞቻችሁን እንዲጽፉ አድርጉ። ዝም ካሉ ደግማችሁ ጠይቁ። አሁንም ዝም ካሉ፣ ብራችሁንና ሰዓታችሁን ይዛችሁ ወደሚሰማችሁ ጌም ሂዱ። እሷን ቁጥር በደንብ አድርገው ያነቧታል።