የምንማርበትን መንገድ ማወቅ፣ ግን በእርሱ አለመታሰር



የዛሬውን ጽሑፍ የምንጀምረው በሚያሳፍረን ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ሴቻ በምናገለግልበት ጉባኤ የውኃ ጥምቀት ትምህርት ከሚከታተሉት መካከል አንድ ሸማኔ አባት ነበሩ። ከደጋው፣ ከዶርዜ ወርደው ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው። ስምንቱን ሳምንት አንድም ቀን ሳይቀሩ፣ ከፊት ተቀምጠው በጸጥታ ተማሩ። በመጨረሻው ቀን እኛ አገልጋዮች በመማሪያው ደብተር ላይ ያሉትን ጥያቄዎች በአማርኛ በየተራ አቀረብንላቸው። «ጽድቅ ማለት ምን ማለት ነው? የዳግም ልደት ምልክቶች ስንት ናቸው? ዘርዝሩልን» አልናቸው። አንዱን ጀምረው አቋረጡት፤ ከዚያ ዝም አሉ። እኛም ተያየንና «አባታችን፣ በሚቀጥለው ዙር ይድገሙት» ብለን አሰናበትናቸው። እጅ ነሥተው ወጡ። በሚቀጥለው ዙር አልመጡም፤ እኛም ሄደን አልፈለግናቸውም።

ሁለት ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ለለቅሶ ወደ አንድ ቤት ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ እኚህ አባት ከሐዘንተኞቹ አጠገብ ተቀምጠው በጋሞኛ ስለ አልዓዛር ይናገራሉ። ማርታ ጌታን ልትቀበል መውጣቷን፣ ማርያም በቤት መቅረቷን፣ ጌታ ማልቀሱን፣ ድንጋዩን እንዲያነሡ ማዘዙን፣ የሞተው ሰው እንደ ተገነዘ መውጣቱን፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል፣ ምንም ሳያዛንፉ ይተርካሉ። ልጇን የቀበረችው እናት ቀና ብላ ትሰማቸው ነበር። እኛ ያዘጋጀነው ስብከት በኪሳችን ቀረ። ሲጨርሱ ጠጋ ብለን «አባባ፣ ይህን ሁሉ እያወቁ ያን ቀን ለምን ዝም አሉን?» ብለን ጠየቅናቸው። «ፓስተር፣ እኔ የተማርሁት ታሪኩን ነው። እናንተ የጠየቃችሁኝ ወረቀቱን ነው» አሉን።

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮአችን አልወጣም። እኛ የሥነ መለኮት ኮሌጅ ገብተን፣ አንብበን፣ ማስታወሻ ይዘን፣ ተፈትነን የወጣን ሰዎች ነን። ለእኛ የሠራልን መንገድ ለሁሉ የሚሠራ መሰለን። ሳናውቀው የራሳችንን የመማር ልማድ የመንግሥተ ሰማያት መግቢያ ፈተና አደረግነው።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ተቃራኒውን አየን። ከወጣቶቻችን አንዱ በስልኩ ላይ «የመማር ዝንባሌህን ዕወቅ» የሚል መጠይቅ ሞልቶ መጣ። ውጤቱ «በማየት የሚማር» የሚል ነበር። በጣም ደስ አለው። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ማንበብ ሲነሣ «እኔ እኮ የማየት ሰው ነኝ፤ ማንበብ አይሆንልኝም» ይላል። አጫጭር ቪዲዮ ብቻ ያያል። ሽማግሌው እኛ በጫንንባቸው መለኪያ ተገፉ፤ ወጣቱ ራሱ በለጠፈው ስም ተቀመጠ። በሁለቱም ቤት የተጎዳው አንድ ነገር ነው፤ ከቃሉ ጋር ያላቸው ግንኙነት።

ለመሆኑ ይህ «የመማር ዝንባሌ» የሚሉት ነገር ምንድን ነው? ሐሳቡ በዓለም ትምህርት ቤቶች ውስጥ ብዙ ዘመን ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1984 ዴቪድ ኮልብ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ሰው ከልምዱ እንዴት እንደሚማር መጽሐፍ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ኒል ፍሌሚንግ የተባለ የኒውዚላንድ መምህር ከባልደረባው ጋር ሆኖ ዛሬ ብዙዎች የሚሞሉትን መጠይቅ አስተዋወቀ። እርሱም ሰዎችን በማየት፣ በመስማት፣ በማንበብና በመጻፍ፣ በእጅ በመሥራት የሚማሩ እያለ በአራት ይመድባል። ሰው ምርጫ እንዳለው እውነት ነው፤ ከአንድ እናት የተወለዱ ልጆች እንኳ አንዱ ሲነገረው፣ ሌላው ሲሠራው ይቀለዋል።

ነገር ግን የዚህን ሌላ ገጽ የሚነግረን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አራት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እስከዚያ ጊዜ የተደረጉትን ጥናቶች መርምረው ነበር። ትምህርትን ከተማሪው ዝንባሌ ጋር ማዛመድ የተሻለ ውጤት ያመጣል ለማለት በቂ ማስረጃ አላገኙም። የምንወደው መንገድና በደንብ የምንማርበት መንገድ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም ማለት ነው። ለብዙ ሰው እንደሚረዳ በጥናት የታየው ሌላ ነው፤ የተማሩትን ደብተሩን ዘግቶ ከልብ ማውጣት፣ በቀናት ልዩነት ደጋግሞ መመለስ፣ ለሌላ ሰው ማስረዳት። አስተውሉ፤ ሸማኔው አባት በለቅሶው ድንኳን ያደረጉት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ አቋማችንን በግልጽ እንናገር። የመማር ዝንባሌህን ማወቅ መልካም ነው፤ ከእግዚአብሔር የተሰጠህን ተፈጥሮ ማወቅ ነውና። ዝንባሌ ግን የምትገባበት በር እንጂ የምትታሰርበት ክፍል አይደለም።

ይህን ከቃሉ እንይ። በዘዳግም 6፥6–9 እግዚአብሔር ለእስራኤል ቃሉን እንዴት እንዲይዙ ሲያዝ አንድ መንገድ ብቻ አልሰጠም። በልብ ይኑር፣ ለልጆች ይነገር፣ በቤት ተቀምጠው በመንገድም ሲሄዱ ይጫወቱት፣ በእጅ ይታሰር፣ በዓይኖች መካከል ይሁን፣ በመቃኑ ላይ ይጻፍ አለ። ጆሮ፣ ምላስ፣ እግር፣ እጅ፣ ዓይን ሁሉ ተጠርተዋል። «አንተ የጆሮ ሰው ነህ፣ ጽሑፉ አይመለከትህም» የተባለ እስራኤላዊ የለም። ጌታችንም እንዲሁ ነው። ለሕዝቡ በምሳሌ ተናገረ፤ ሊሰሙት በሚችሉት መጠን እንደ ነገራቸው ማርቆስ 4፥33 ይመሰክራል። ስለ ግብር ሲጠየቅ ዲናር አስመጥቶ አሳያቸው። ትሕትናን ሲያስተምር መታጠቂያ ታጥቆ እግር አጠበ። ወደ ኤማሁስ ለሚሄዱት ሁለቱ አብሮ እየተራመደ መጻሕፍትን ተረጐመ፤ ዓይናቸው የተከፈተው ግን ማዕድ ላይ፣ እንጀራውን ሲቆርስ ነው።

የኢትዮጵያው ጃንደረባ ደግሞ ልዩ ትምህርት ይሰጠናል (የሐዋ. 8፥26–39)። የንግሥት ሕንደኬ ገንዘብ ኃላፊ የነበረ የተማረ ሰው ነው፤ በሰረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ ሲያነብ ሰማው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ነበር ማለት ነው። ማንበብ ይችላል፤ ማንበቡ ብቻውን ግን አልበቃውም። የሚመራው ሰው ካላገኘ እንዴት ሊገባው እንደሚችል ጠየቀ፤ ፊልጶስንም ወጥቶ አጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው። ከዚያ ጥያቄ፣ ማብራሪያ፣ ውይይት ሆነ። በመጨረሻ ውኃውን በዓይኑ ያየውና ምን ይከለክለኛል ያለው ራሱ ነው። ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍ፣ ጥያቄ፣ የሰው ጉርብትና በአንድ ሰረገላ ላይ ተገናኙ። እኛ ብንሆን ኖሮ ያን ሰው በደብተራችን ጥያቄ ስንት ዙር እናስደግመው ነበር?

የአካባቢያችን የወንጌል ታሪክም ይመሰክርብናል። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ወላይታ ሶዶ ገቡ። በጣሊያን ወረራ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1937 ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች ሃምሳ የማይሞሉ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ግን ብዙ ሺህ ሆነው አገኟቸው። ከእነዚያ አማኞች አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ በእጃቸው የነበረውም ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ብቻ ነው። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል፣ የሰማውን በልቡ ይዞ ተራራ አቋርጦ ይናገራል። ወደ ጋሞና ወደ ጎፋ ወንጌልን ይዘው የመጡት የወላይታ ወንጌላውያን የዚያ ፍሬ ናቸው። በቃል የተማሩ ሰዎች የተከሏት ቤተ ክርስቲያን ዛሬ በቃል የሚማረውን ሰው ከደጅ ልትመልስ አይገባትም።

ቋንቋም አለ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ልጆቻችን በመጀመሪያ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ። ከተማ ያለነው አገልጋዮች ግን በቤቱ ጋሞኛ የሚናገረውን አባት በአማርኛ አስተምረን በአማርኛ እንጠይቃለን። ከዚያ «አልገባውም» እንላለን። ብዙ ጊዜ የማይገባው የምንለው ሰው በሌላ ቋንቋ የምናስተምረው ሰው ነው።

አንዳንድ የአገልግሎት ባልደረቦቻችን «ይህ የትምህርቱን ደረጃ ማውረድ አይሆንም ወይ? አማኙ ጽድቅ ምን እንደ ሆነ ማወቅ የለበትም ወይ?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አዎ፣ ማወቅ አለበት። ነገር ግን ከደብተር የተሸመደደ ፍቺ መልሶ መናገር ማወቅ አይደለም። ዛሬ በጉባኤአችን ተጠማቂውን በሚቀለው ቋንቋ «ጌታ ለሰው ያደረገውን አንድ ታሪክ ንገረን፤ ከዚያ ለአንተ ምን እንዳደረገልህ ንገረን» እንላለን። ይህ ከበፊቱ ጥያቄ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። በቃል የሸመደደ ሰው እዚህ ላይ ይያዛል።

ወገኖች፣ የእናንተን የመማር ዝንባሌ ለማወቅ መጠይቅ አያስፈልጋችሁም። በጌታ ፊት ራሳችሁን እንዲህ ጠይቁ። ካለፈው እሑድ ስብከት ምን ትዝ ይላችኋል? ምሳሌው ነው፣ የተነበበው ክፍል ነው፣ የጻፋችሁት ነው ወይስ ከስብከቱ በኋላ ከሰው ጋር ያወራችሁት? በቅርቡ የለመዳችሁት ሙያ ካለ፣ ወጥ አሠራርም ይሁን በስልክ ገንዘብ መላክ፣ እንዴት ለመዳችሁት? ሰው አሳያችሁ፣ ነገራችሁ ወይስ እየተሳሳታችሁ ሞከራችሁት? ብቻችሁን ስትሆኑ ነው ወይስ ከሰው ጋር ነገር የሚገባችሁ? ማለዳ ነው ወይስ ማታ ልባችሁ የሚነቃው? መልሳችሁ በራችሁን ያሳያችኋል።

በሩን ካገኛችሁ ግቡበት። መስማት የሚቀላችሁ መጽሐፍ ቅዱስን በድምፅ አድምጡ፤ በአማርኛም በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎችም በስልክ ይገኛል። እጃችሁ ሥራ ካልያዘ ልባችሁ የሚበተን ከሆነ ጥጥ እየፈተላችሁ፣ ቡና እየለቀማችሁ አንዲቱን ክፍል አሰላስሉ። መጻፍ የሚረዳችሁ ጥቅሱን በእጃችሁ ገልብጡ። በጨዋታ የሚገባችሁ የቤት ለቤት ጥናት አትቅሩ።

ከዚያ ግን ወደማይቀላችሁ መንገድ አንድ እርምጃ ሂዱ። የሸማኔ ልጅ ሽመናን የሚማረው በአንድ መንገድ አይደለም። መጀመሪያ አባቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያያል፤ ማጉን በቀሰም ላይ ያጠነጥናል፤ የተበጠሰ ክር መቀጠል ይለምዳል፤ ሲሳሳት ይነገረዋል፤ በመጨረሻ ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ይወረውራል። «እኔ የማየት ልጅ ነኝ» ብሎ ከጎን የቀረ ልጅ ሸማኔ አይሆንም። ድር ብቻውን ጨርቅ አይሆንም፤ ማግም ብቻውን። ያዕቆብም ሰሚዎች ብቻ ሆነን ራሳችንን እንዳናታልል አስጠንቅቆናል (ያዕ. 1፥22)። የመማራችን ፍጻሜ መረጃ መያዝ ሳይሆን ክርስቶስን መምሰል ነው።

ጌታን ገና ያልተቀበላችሁ፣ ግን እየፈለጋችሁ ይህን የምታነቡ ወገኖችም አላችሁ። «እኔ መጽሐፍ አይገባኝም፣ ሃይማኖት ለተማረ ነው» ብላችሁ ከሆነ እባካችሁ ይህን አውጡት። የገሊላ ዓሣ አጥማጆች የተጠሩት ፈተና አልፈው አይደለም። አንድ የምታውቁትን አማኝ «እስኪ ስለ ኢየሱስ አንድ ታሪክ ንገረኝ» በሉት። ከዚያ ጀምሩ።

ስለ እኚያ አባት እንጨርስ። ከለቅሶው በኋላ ቤታቸው ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅናቸው። በኩልፎ ወንዝ ተጠመቁ። አሁን በጥምቀት ትምህርቱ ታሪኮቹን በጋሞኛ የሚተርኩት እሳቸው ናቸው፤ እኛ ተከትለን እናብራራለን። ማታ ማታ ደግሞ ከልጅ ልጃቸው ጋር ፊደል ይቆጥራሉ። «ታሪኩን አውቀዋለሁ፤ አሁን ደግሞ ወረቀቱ ላይ የት እንዳለ ማየት እፈልጋለሁ» ይላሉ። ያም ወጣት አሁን አልፎ አልፎ ከአጠገባቸው ይቀመጣል፤ እሳቸው ይተርኩለታል፣ እርሱ ክፍሉን ፈልጎ ያነብላቸዋል። ማን ማንን እንደሚያስተምር እኛም አልለየንም።

ጌታ ሆይ፣ ልባችንን በሠራህበት መንገድ አስተምረን፤ ባልለመድነውም መንገድ ስትመጣ እንድናውቅህ አድርገን። በእኛ መለኪያ ከደጅ የመለስናቸውን መልስልን። አሜን።