ዘውድና የጦር መሣሪያ ገበያ

የእንግሊዝ ዘውድ ወዳዶች ዘወትር የሚሉት ነገር አለ፤ ንጉሥ ከፓርቲ ጠብና ከነጋዴ ጥቅም በላይ ስለ ሆነ የሕዝብ ኅሊና ጠባቂ ነው ይላሉ። ቃሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሥራ ይመዘን።

በየካቲት 2014 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ቻርልስ በሪያድ ከሳዑዲ መሳፍንት ጋር ሰይፍ ይዘው ጨፈሩ። በዚያው ሳምንት ቢኤኢ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ለሳዑዲ በሚሸጣቸው 72 የጦር አውሮፕላኖች ዋጋ መስማማቱን አስታወቀ። ልዑሉ ነገዱ አልልም፤ ክብራቸው ግን ለገበያው ጥላ ሆነ። በ2015 የሳዑዲ አውሮፕላኖች የመንን መደብደብ ጀመሩ፤ በ2016 በሰንዓ ከ100 በላይ ለቀስተኞች በአንድ ቀን አለቁ። በ2019 የለንደን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሽያጩን ፈቃድ አሰጣጥ ሕገ ወጥ ነው አለ፤ በ2020 ግን አዲስ ፈቃድ እንደገና ይሰጥ ጀመር።

«ንጉሥ የሚጓዘው በሚኒስትሮች ምክር ነው» የሚል መልስ ይመጣል። እንግዲያውስ እምቢ ማለት የማይችል ሰው እንዴት የኅሊና ጠባቂ ይባላል? ዘውዱን የሚወዱ ከሆነ፣ ወደ መሣሪያ ገዢ ደጅ አይላክ ብለው አስቀድመው መጮኽ የሚገባቸው እነርሱ ናቸው።

መሣሪያ ከቶ አይሸጥ ማለቴ አይደለም። በ1935 እንግሊዝ ለኢጣልያም ለኢትዮጵያም መሣሪያ እንዳይሸጥ ስትከለክል፣ ፋብሪካ የነበራት ኢጣልያ አልተጎዳችም፤ ባዶ እጇን የቀረችው አገራችን ናት። ስለዚህ መሸጥም መከልከልም የሚመዘነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ የሚሞተው ማን ነው?