ስለ ጫትና ስለ ሌሎች አደንዛዥ ነገሮች



በዚህ ዘመን በብዙ መንግሥታት ሸንጎ የሚከራከሩበት አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ሰውን የሚያደነዝዙ ዕፅዋትና ቅመሞች በወንጀል መያዛቸው ይቅር ወይስ ይጽና የሚል ነው። ነገሩ የባሕር ማዶ ሰዎች ጨዋታ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ከነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሳንወጣ ጉዳዩን በዓይናችን ልናየው እንችላለንና ጥቂት ታገሡኝ።

ከሳሪስ ተነሥቶ በጎፋ በኩል ወደ ጀሞ የሚሄድ ሰው ከቀትር በኋላ በየመንገዱ ዳር በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ጫት ተደርድሮ ያያል። ሻጩ በግልጥ ይሸጣል፣ ገዢውም ዙርባውን በብብቱ ይዞ በግልጥ ይሄዳል። በመካኒሳ ደግሞ የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ቅርንጫፍ ለብዙ ዘመን አረቄ ሲያወጣ ኖሯል፤ ፋብሪካውም የመንግሥት ነው። በዚሁ መንገድ ላይ አንድ ወጣት በኪሱ ጥቂት ካናቢስ ይዞ ቢገኝ ግን ወዲያው ተይዞ ይታሰራል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ያለ ፈቃድ የሚያመርተውንና የሚነግደውን ብቻ ሳይሆን የሚጠቀመውንም ይቀጣልና።

እኔ በሥራዬ ጸሐፊ ስለ ሆንሁ የሰው ቃል ስጽፍ እውላለሁ። አንድ ቀን እንዲህ ያለው ልጅ ይቀርባል፤ እናቲቱም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላ ትቆማለች። በሌላው ቀን ደግሞ የቀለብ ክስ ይቀርባል፤ ባልየው የወር ደመወዙን ለጫትና ከጫቱ በኋላ ለሚጠጣው መጠጥ አውጥቶ ልጆቹን ያለ ደብተር ያስቀመጠ ነው። ስለ ቀለቡ ይጠየቃል እንጂ ስለ ጫቱ የሚጠይቀው አንቀጽ የለም። ከሁለቱ ማንኛው ቤቱን ይበልጥ እንዳፈረሰ መዝገቡን ላነበበ ሰው አይሰወርም።

በክርክሩ ውስጥ ሁለት ነገሮች ሲደባለቁ እሰማለሁና አስቀድሞ እነርሱን መለየት ይገባል። አንደኛው ተጠቃሚውን ከወንጀለኛነት ማውጣት ነው፤ ይህ ማለት ነገሩ እንደ ተከለከለ ይቀራል፣ የተጠቀመው ሰው ግን ወደ ወህኒ አይወርድም ማለት ነው። ሁለተኛው ንግዱን መፍቀድ ነው፤ ይህ ግን ሱቅ ይከፈት፣ ቀረጥ ይቀረጥ ማለት ነው። የመጀመሪያው ስለ ታማሚው የሚያስብ ሲሆን ሁለተኛው ነጋዴን ይወልዳል። እኛ ኢትዮጵያውያን ሁለተኛውን ከብዙ አገሮች ቀድመን የሞከርን ነን፤ ሳንከራከር ሞክረነው ነው እንጂ።

የትምባሆን ታሪክ እንመልከት። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ትምባሆ በጥብቅ የተከለከለ ነበር፤ ያጨሰ ሰው ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበም አፍንጫው ይቈረጥ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ መንገደኞች ጽፈዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ካረፉ በኋላ 53 ዓመት ብቻ ቈይቶ በ1934 ዓ.ም. ትምባሆ የመንግሥት ሞኖፖል ሆነ። አፍንጫ ሲቈረጥበት የነበረው ነገር የግምጃ ቤት ገቢ ሆነ ማለት ነው። ከዚያም የጃፓን የትምባሆ ኩባንያ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ከድርጅቱ 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በተከታዩም ዓመት ጨምሮ ዋናው ባለቤት ሆነ። ቡናችንም ቢሆን እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ድረስ በብዙ ክርስቲያን ዘንድ እንደ ነውር ይታይ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሲጠጡ አቡነ ማቴዎስም ሳይከለክሉ በቀሩ ጊዜ ነው ነውሩ የተረሳው። ዛሬ ቡና ሳያፈላ እንግዳ የሚቀበል ቤት የትኛው ነው?

ጫትም እንግዳ አይደለም። በ14ኛው ምዕተ ዓመት በተጻፈው በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የይፋቱ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዞ ጫት እተክልባታለሁ ብሎ እንደ ፎከረ ይነገራል። ዛሬ ሰብረዲን ቢነሣ ዘመቻ ሳያስፈልገው ምኞቱ እንደ ተፈጸመለት ባየ ነበር። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ነቅሎ ጫት ተክሏል፤ በባሕር ዳር ዙሪያም እንዲሁ ተስፋፍቷል። ገበሬውን አልወቅሰውም፤ ማሽላ በዓመት አንድ ጊዜ ሲደርስ ጫት ግን ደጋግሞ ይለቀማል፣ ገንዘቡም በእጅ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ኃይል ከተቈረጠ በኋላ በሁለት ቀን ያህል ውስጥ ወደ ደካማ ነገር ስለሚለወጥ፣ ከአወዳይ የሚነሡት መኪናዎች በዚያ ፍጥነት የሚከንፉት፣ ወደ ጅቡቲና ወደ ሱማሌ የሚላከውም የሚጣደፈው ስለዚህ ነው። በአንዳንዱ ዓመት ከውጭ ንግዱ የሚገኘው ገንዘብ እስከ አራት መቶ ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያስገባን ነገር ደፍሮ የሚገሥጽ ባለሥልጣን ማግኘት ቀላል አይደለም።

በዓለም ሕግ ዘንድ ያለው ነገር ደግሞ ያስቃል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1971 የተደረገው የመንግሥታት ውል ካቲኖንን ከጥብቆቹ መደብ ሲጽፈው ቅጠሉን ራሱን ግን አልጻፈውም። የእንግሊዝ መንግሥትም በ2014 ጫትን ከለከለ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የመንግሥቱ አማካሪ ጉባኤ ጕዳቱ ለመከልከል የሚያበቃ አይደለም ብሎ ነበር። ስለዚህ በሎንዶን የሚያስቀጣው ዙርባ በለቡ ደረሰኝ ይቈረጥለታል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ፤ ገጹ የቤተ ሰብ ገጽ ነውና። ቃሚ ባል ከምሳ በኋላ በርጫ ይቀመጣል። ምርቃናው እስኪያልቅ ድረስ አገር ያቀናል፣ ፎቅ ይሠራል፣ ዕዳውን ሁሉ ይከፍላል። ከዚያ እንቅልፍ እንቢ ሲለው ጨብሲ ብሎ ወደ መጠጥ ቤት ይወርዳል። ሚስቲቱ የምትቈጥረው የጫቱን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የመጠጡን፣ ያልተበላውን እራት፣ በማግሥቱ የቀረውን ሥራ ሁሉ ነው። (እኛ ይህን የምንናገረው ብዙ ጊዜ በማኅበር ላይ የጠጅ ብርሌ ይዘን መሆኑን ባለቤቴ ደጋግማ አስታውሳኛለች፤ እውነትም አላት።)

በሌላው ዓለም የተሞከረውን ስናይ ፖርቱጋል በ2001 ለራሱ መጠቀሚያ እስከ 10 ቀን የሚበቃ የያዘውን ሰው ከወንጀል ችሎት አውጥታ ሕግና ሕክምና የሚያውቁ ሰዎች ወደሚቀመጡበት ትንሽ ጉባኤ አዛወረችው፤ ነጋዴውን ግን እንደ ቀድሞው ትቀጣለች። ከዚያ በኋላ በመድኃኒት ብዛት የሚሞተውና በመርፌ ምክንያት በኤች አይ ቪ የሚያዘው ሰው እጅግ ቀነሰ። በአሜሪካ የኦሪጎን ግዛት ግን በ2020 በሕዝብ ድምፅ ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ በ2024 መልሳ ሻረችው። ልዩነቱ ምን ነበር ቢሉ፣ ፖርቱጋሎች የሚታከሙበትን ቤት ከሕጉ ጋር አብረው ሲሠሩ በኦሪጎን የእስር ቤቱ በር ተከፍቶ የሕክምናው ገንዘብ ዘግይቶ ደረሰ።

ስለዚህ የኔ አሳብ እንዲህ ነው። በኪሱ ለራሱ የሚሆን ጥቂት የተገኘበትን ልጅ ከሌቦችና ከነፍሰ ገዳዮች ጋር ማሰር ልጁን አያድነውም፤ ከወህኒ ሲወጣ ከፊተኛው የባሰ ነገርና የባሰ ወዳጅ ይዞ ይመጣል። ይህን ሕጉ ቢያሻሽለው ደስ ይለኛል። ንግዱን መፍቀድን ግን እቃወማለሁ። ምክንያቴም ከትምባሆና ከጫት ያየነው ነው፤ አንድ ነገር ገቢ ከሆነ በኋላ ወደ ኋላ የሚመልሰው የለም። አንድ ወዳጄ ጫትንም እንግዲያው እንከልክል ይለኛል። ስንት መቶ ሺህ ገበሬ ከማሳው ሊነቀል ነው? ደግሞስ አፍንጫ መቍረጥ ትምባሆን ያላጠፋ የዛሬ ቅጣት ጫትን ያጠፋዋልን?

የሚቻለውና ያልተደረገው ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልና ትምባሆ እንዳይሸጥ አዝዟል፤ የአልኮል ማስታወቂያም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ጠፍቷል። ስለ ጫት ግን እንዲህ ያለ የዕድሜ ወሰን በዚያ አዋጅ አልተጻፈም፤ የትምህርት ቤት ልብስ ለብሶ ዙርባ የሚገዛ ልጅ በመንገዳችን ይታያል። በዚህ ገጽ አንባብያን መካከል ሕግ የሚያረቅቁ አሉና ወሰኑን ለጫትም ቢያደርጉት፣ ከጫቱም ቀረጥ ተከፍሎ በአማኑኤል ሆስፒታል ለሱሰኞች የሚሆን አልጋ ቢጨመርበት፣ ዳኛው ነጠላዋን ላዘቀዘቀችው እናት ልጅሽን ወደዚህ ላኪው የሚልበት ቦታ ያገኛል። ዛሬ ዳኛው በእጁ ያለው የወህኒው ትእዛዝ ነው፤ እርሱንም የምጽፈው እኔ ነኝ።