የአፍላጦን መሰላልና የአርሲ ሲንቄ

በሩቅ አይቶና ወድዶ ሳይናገር የቀረ ወጣት ሁሉ «የእኔስ ፍቅር ፕላቶናዊ ነው» እያለ ራሱን ሲያጽናና እንሰማለን። ዓይን አፋርነትን በፈላስፋ ስም ማስጌጥ ቀላል ነገር ነው፤ ዳሩ ግን አፍላጦን፣ ማለት ዛሬ ፕላቶ የምንለው ሰው፣ ያስተማረው ይህን አይደለም።

«ግብዣ» በተባለው መጽሐፉ የሚተረከው ነገር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ416 ዓመት በአቴና፣ በባለቅኔው በአጋቶን ቤት የሆነ ነው። ተጋባዦቹ ተራ በተራ ስለ ፍቅር ይናገራሉ። ቀልደኛው አሪስጦፋኒስ፣ ሰው ጥንት ድርብ ነበረ፤ ዜውስ ለሁለት ሰነጠቀው፤ ፍቅርም የጎደለውን ግማሽ መፈለግ ነው ይላል። ይህ እኛ «ግማሽ አካሌ» ከምንለው ጋር ስለሚገጥም ደስ ያሰኛል። ሶቅራጥስ ግን ዲዮቲማ ከተባለች ጠቢብ ሴት የሰማሁት ነው ብሎ ያፈርሰዋል፤ ሰው የገዛ እጁ ወይም እግሩ ከተበላሸ ያስቆርጠዋልና፣ የምንወደው የራሳችን ስለ ሆነ ሳይሆን መልካም ስለ ሆነ ነው።

ግሪኮች «ካሎስ» ሲሉ ውብም መልካምም ማለታቸው ነው። ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የግዕዙ «ሠናይ» ሁለቱንም ይይዛል፤ በአማርኛም «መልከ መልካም» እንላለን።

ዲዮቲማ ፍቅርን መሰላል ታደርገዋለች። ፊት የአንድ ሰው አካል፣ ቀጥሎ የአካል ሁሉ ውበት፣ ከዚያ የነፍስ፣ ከዚያ የሥርዓትና የሕግ፣ ከዚያ የዕውቀት፣ በመጨረሻም ውበት ራሱ። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ አቴና ድረስ መሄድ አያሻም፤ አርሲ ይበቃል። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ 10,000 ሜትር ስትሮጥ የታየው የአካል ውበት ነበረ። አሸንፋ ስታበቃ ግን ሁለተኛ የወጣችውን ነጭ ደቡብ አፍሪቃዊት ኤላና ማየርን ጠበቀቻት፤ እጅ ለእጅ ተያይዘውም ሜዳውን ዞሩ። ደቡብ አፍሪቃ በዘር መድልዎ ምክንያት ከኦሎምፒክ 32 ዓመት ርቃ የተመለሰችበት ጊዜ ነበረና፣ ያን ጊዜ የታየው ሌላ ውበት ነው።

ከሥርዓቱ ደረጃ ስንደርስ ብዙዎቻችን እንቆማለን። አሰላ የተመደበ ወጣት ሹም የጭላሎን ተራራና የገብሱን ማሳ ያደንቃል፤ ፎቶግራፍም ያነሣል፤ የአገሩን ሕግ ግን «ባህል ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ዝውውሩንም ይጠባበቃል። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ያገባች ሴት ሲንቄ የተባለ ቀጭን በትር አላት። ሁለት ወገኖች ጦር ሲማዘዙ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ይቆማሉ፤ ጠቡም ይበርዳል፤ አልፎ መውጋት ነውርም እርግማንም ነውና። ባል ሚስቱን ቢበድል ሴቶቹ ያንኑ በትር ይዘው ተሰብስበው ይወጣሉ፤ እርሱም ይቅርታ ጠይቆ ካሣ ሳይከፍል አይመለሱም። ይህን ሳያውቅ ወረዳ የሚያስተዳድር ሰው አገሩን ወድዷል ለማለት ያስቸግረናል።

አፍላጦን ወደ ላይ የወጣ ሰው የአንዱን አካል ፍቅር እንደ ትንሽ ነገር ይንቀው ዘንድ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ከእርሱ ጋር አንስማማም። ሲንቄን እናት ለልጇ የምትሰጣት በሠርጓ ቀን ነው። ጦር የሚያቆመው በትር ከአንድ ባልና ሚስት ቤት የወጣ ነው፤ ሴቲቱም ካስታረቀች በኋላ ይዛው የምትመለሰው ወደዚያው ቤት ነው።